ስማቸው የጠፋ ቤተሰቦች፦ በኢትዮጵያ ከሰፈሩት ፖርቱጋሎች ምን እንማራለን?

(በማኅበራችን የ25ኛ ዓመት የኢዮቤልዩ በዓል ላይ፣ ኢምባካሲ፣ ናይሮቢ የቀረበ ንግግር)

የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «ቤተሰብና ስደት» በሚል ርእስ እንድናገር ዕድሉን ስለሰጠኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ማኅበሩ ሥራ ሊቀ መንበራችን በሰፊው ስላስረዱን እኔ እርሱን አልደግመውም። በሌላ በኩል ልምጣ። እኛ ከሀገራችን ወጥተን በሰው ሀገር እንኖራለን። በአንድ ወቅት ደግሞ ሌሎች ከሀገራቸው ወጥተው በእኛ ሀገር ኖረዋል። የእነርሱ የልጅ ልጆች ምን ሆኑ? ይህን ማወቅ ለራሳችን የሚጠቅም መስሎ ስለታየኝ ይዤው ቀርቤአለሁ።

የምነግራችሁ በ16ኛው መቶ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ ገብተው፣ አግብተውና ወልደው፣ መሬት ይዘው ስለኖሩት የፖርቱጋል ካቶሊኮች ነው። ከመቶ ዓመት በላይ በመካከላችን ከኖሩ በኋላ ስማቸው ጠፍቷል። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ኦርቶዶክስ አለ፣ ሙስሊም አለ፣ ካቶሊክ አለ፣ ፕሮቴስታንት አለ። የማነሣው ዘመን በሃይማኖት ምክንያት ብዙ ደም የፈሰሰበት ዘመን ነው። ማን ትክክል ነበር፣ ማን ተሳሳተ የሚለውን ለመዳኘት አልቆምሁም። የምመለከተው ቤተሰቡን ነው። አባትን፣ እናትን፣ ልጅንና የልጅ ልጅን። በነገራችን ላይ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለጊዜው የመጡ ሰዎች

ማሊንዲን የጎበኛችሁ ሁሉ በባሕሩ ዳር የቆመውን፣ በራሱ ላይ መስቀል ያለበትን ዓምድ ታስታውሳላችሁ። በ1498 ማሊንዲ የደረሰው የቫስኮ ዳ ጋማ መታሰቢያ ነው። ቫስኮ ዳ ጋማ ከማሊንዲ መንገድ የሚያሳየው ሰው አግኝቶ ወደ ሕንድ ተሻገረ። የዚህ ሰው ልጅ ክሪስቶፎር ዳ ጋማ ነው፣ ከ43 ዓመት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ የዘመተው።

በእርግጥ ከእርሱ በፊትም የመጣ ነበር። ፔሮ ዳ ኮቪልሃም የተባለው የፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ በ1490ዎቹ ኢትዮጵያ ገባ። ነገሥታቱ አከበሩት፣ መሬት ሰጡት፣ አገባ፣ ወለደ። መመለስ ግን አልተፈቀደለትም። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች አፄ ልብነ ድንግል ዘንድ ሲደርሱ ሽማግሌ ሆኖ አገኙት። አብሯቸው የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ታሪኩን ጽፎልናል። ለአንድ መልእክት የመጣ ሰው ዕድሜውን በሙሉ እዚያው ጨረሰ ማለት ነው።

በ1541 ግን የመጣው ሠራዊት ነበር። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፣ በተለምዶ ግራኝ የምንላቸው፣ አብዛኛውን የደጋውን አገር ይዘው ነበር። አፄ ልብነ ድንግል በ1540 ሲያርፉ ልጃቸው አፄ ገላውዴዎስ ነገሡ። በክሪስቶፎር ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል ፖርቱጋላውያን በምጽዋ ወረዱ። እቴጌ ሰብለ ወንጌል በደብረ ዳሞ አምባ ላይ ነበሩ፤ ከዚያ ወርደው ከሠራዊቱ ጋር ተጓዙ። በነሐሴ 1542 በወፍላ በተደረገው ጦርነት ፖርቱጋሎቹ ተሸነፉ፤ አዛዡም ተማርኮ ተገደለ። የተረፉት ከእቴጌይቱና ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ተሰባስበው፣ በየካቲት 1543 በወይና ደጋ ጦርነት ኢማም አሕመድ ሞቱ፣ ጦርነቱም አበቃ።

እንግዲህ ሥራው አልቋል። ሰዎቹ አሁን ወደ ሀገራቸው ይመለሱ ይሆን? የጦርነቱን ታሪክ የጻፈው ሚጌል ደ ካስታኞዞ በ1544 ከምጽዋ ተሳፍሮ ሄደ። ከተረፉት አብዛኞቹ ግን ቀሩ። ባሕሩ ሩቅ ነው፤ መርከብ እንደ ልብ አይገኝም። ንጉሠ ነገሥቱም ነፍጥ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ፤ መሬትም ሰጧቸው። በ1557 ደግሞ የኦቶማን ቱርኮች ምጽዋን ስለያዙ የባሕሩ በር ተዘጋ። ለጊዜው የመጣው ሰው ነዋሪ ሆነ።

ይህን ስናገር አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከዚህ አዳራሽ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ በ1958 ሲከፈት ስሙ ኢምባካሲ ነበር፤ በ1978 ነው በጆሞ ኬንያታ ስም የተጠራው። ስንቶቻችን ነን ናይሮቢን ለመሸጋገሪያ ብለን መጥተን፣ ፕሮሰሱ እስኪያልቅ ስድስት ወር ብለን፣ ስድስቱ ወር ሃያ ዓመት የሆነብን? በሞያሌ የገባው፣ በዋልዳና በካኩማ መጠለያ ያለፈው፣ ለሥራ መጥቶ የቀረው፣ ሁላችንም «ለጊዜው» ብለን ነው ሻንጣችንን ያስቀመጥነው። ለጊዜው ብሎ የተቀመጠ ሰው ደግሞ መዝገብ አይዝም። የመጀመሪያው ችግር ይህ ነው።

አባት ከባሕር ማዶ፣ እናት ከሀገር ቤት

ፖርቱጋሎቹ ሲመጡ ሚስት ይዘው አልመጡም። ያገቡት የሀገሩን ሴቶች ነው። ልጆቻቸው በእናታቸው ቋንቋ አፋቸውን ፈቱ፣ የእናታቸውን ወጥ በሉ፣ ከእናታቸው ዘመዶች ጋር አደጉ። በሀገራችን የርስት ሥርዓት ልጅ በአባቱ ብቻ ሳይሆን በእናቱም በኩል ርስት ይካፈላል። ስለዚህ የእነዚህ ልጆች አባት እንግዳ ቢሆንም እናታቸው ግን አገር ነበረቻቸው።

የእነዚያ እናቶች ስም ማን ነበር? የወታደሮቹን ስም የጻፉት ሰዎች የሚስቶቻቸውን ስም እምብዛም አልጻፉም። አንድ ማኅበረሰብ መቶ ዓመት የቆመው በእነዚህ ሴቶች ትከሻ ላይ ነው፤ እኛ ግን ስማቸውን አንጠራም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በሃይማኖት በኩል አፄ ገላውዴዎስ ከሮም የመጣውን ጥያቄ አልተቀበሉም። የራሳቸውን እምነት የሚያስረዳ ታዋቂ ጽሑፍ በ1555 ጽፈው የአባቶቻቸውን መንገድ እንደማይተዉ አስታወቁ። ቢሆንም ፖርቱጋሎቹን በሥርዓታቸው እንዲኖሩ ተዉአቸው፤ ያገቧቸው ሴቶችም የባላቸውን ሥርዓት ቢከተሉ አልከለከሉም። አፄ ገላውዴዎስ በ1559 በጦርነት ወደቁ። ወንድማቸው አፄ ሚናስ ሲነግሡ ያንን ፈቃድ ሻሩት። ሚስቶችና ልጆች ወደ ሀገሩ ቤተ ክርስቲያን እንዲመለሱ ታዘዘ። በአንድ ቤት ውስጥ አባት በአንድ ወገን፣ እናትና ልጅ በሌላ ወገን ቆሙ ማለት ነው። ስለ ነገሥታትና ስለ ጳጳሳት የተጻፈው ብዙ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን በዚያ ዓመት በአንድ የወታደር ቤት ውስጥ፣ በጾም ቀን በአንድ ገበታ ዙሪያ የነበረው ዝምታ ነው።

ፍሬሞና

በ1557 አንድሬስ ደ ኦቪዬዶ የተባለ ጳጳስ ከጥቂት ኢየሱሳውያን መነኮሳት ጋር መጣ። ከአፄ ሚናስ ጋር ስላልተስማማ በመጨረሻ በአድዋ አቅራቢያ ማይ ጓጓ በተባለ ቦታ ተቀመጠ። ቦታውን ፍሬሞና ብለው ሰየሙት። ስሙ ከፍሬምናጦስ፣ ማለትም እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ከምንላቸው የመጀመሪያው ጳጳሳችን የተወሰደ ነው። ፖርቱጋሎቹ ቤታቸውን በሰፈሩበት ሀገር ቅዱስ ስም መጥራታቸው ደግ ነገር ነበር።

ኦቪዬዶ በድህነት ኖሮ በ1577 በዚያው አረፈ። አብረውት የመጡት መነኮሳት አንድ በአንድ ሞቱ፤ የመጨረሻው በ1597 አለቀ። ምትክ እንዳይላክ መንገዱ በቱርኮች እጅ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ወጣት መነኩሴ በ1589 ወደ ኢትዮጵያ ሲጓዝ በባሕር ላይ ተይዞ ለሰባት ዓመት ያህል በየመን ታሠረ። በ1598 ከሕንድ ከጎዋ አንድ ሕንዳዊ ቄስ ተልኮ እነዚያን ቤተሰቦች አገለገለ። ፓኤዝ ራሱ አርመናዊ መስሎ በ1603 ፍሬሞና ደረሰ።

እስቲ አስቡት። ከ1541 እስከ 1603 ስድሳ ሁለት ዓመት ነው። የመጀመሪያዎቹ ወታደሮች ሞተዋል። ፓኤዝ ያገኘው ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ነው። የፖርቱጋሎቹ አለቃ የሚባለው ዡዋው ገብርኤል ራሱ ኢትዮጵያ ተወልዶ ያደገ ሰው ነበር። ፓኤዝ ምን አደረገ? ትምህርት ቤት ከፈተ። የሃይማኖት ትምህርቱን መጽሐፍ ከፖርቱጋልኛ ወደ አማርኛ መለሰው፤ ልጆቹን ለማስተማር የእናታቸው አገር ቋንቋ ያስፈልግ ነበርና። በ1604 ወደ አፄ ዘድንግል በተጠራ ጊዜ ከተማሪዎቹ ሁለት ልጆች ይዞ ሄደ። ልጆቹ በቤተ መንግሥቱ ሊቃውንት ፊት ቆመው የተማሩትን በቃላቸው ሲመልሱ ንጉሡ ተደነቁ።

ስድሳ ዓመት ያለ መርከብ፣ ያለ ደብዳቤ፣ አንዳንዴም ያለ ቄስ የኖረ ቤተሰብ ማንነቱን ያላጣው በምን ይመስላችኋል? በሀብት አይደለም። በአንድ ደሳሳ ቦታ፣ በጥቂት ሽማግሎችና በልጆች ትምህርት ነው።

አሥሩ ዓመት

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ባጭሩ ልለፈው። አፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት መቀበላቸውን በይፋ አስታወቁ። ፓኤዝ በዚያው ዓመት ሞተ። ፓትርያርክ ሆኖ የተላከው አልፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 ገባ፤ በ1626 ንጉሠ ነገሥቱ ለሮም ታዛዥነታቸውን በመሐላ አረጋገጡ። ሜንዴዝ የሀገሩን ሥርዓት በአንድ ጊዜ ሊለውጥ ተነሣ። ሕዝቡ አመጸ። ብዙ ሺህ ሰው ካለቀበት የላስታ ጦርነት በኋላ፣ በ1632 አፄ ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዐወጁ፤ በዚያው ዓመትም ዐረፉ። ልጃቸው አፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን በመጀመሪያ በፍሬሞና ሰበሰቧቸው፤ በ1634 ደግሞ ከሀገር አስወጧቸው።

እኔ ማተኮር የምፈልገው በፍሬሞናዎቹ ቤተሰቦች ላይ ነው። ከ1543 እስከ 1622 ባሉት ሰማንያ ዓመታት እነዚህ ቤተሰቦች ጥቂት ነበሩ፣ ድኾች ነበሩ፣ አንዳንዴም ተገፍተዋል፤ ግን ኖረዋል። ጎረቤት ችሏቸዋል። እምነታቸው የቤት እምነት ስለነበር ማንንም አላስፈራም። የቤተ መንግሥት እምነት ሆኖ በጉልበት ሲታወጅ ግን፣ አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የሰማንያ ዓመቱን ጉርብትና አፈረሰው። ዕዳው በመጨረሻ የወደቀው ውሳኔውን ባልወሰኑት ቤተሰቦች ላይ ነው። መነኮሳቱ በመርከብ ሄዱ፤ ቤተሰቦቹ ግን የት ይሂዱ? አገራቸው ያ ነው።

ከእነርሱ መካከል አንድ ሰው ስሙ ተርፎልናል። ቤርናርዶ ኖጌይራ ይባላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከፖርቱጋል ዘር የተወለደ ቄስ ነው። ከውጭ የመጡት መነኮሳት ከወጡና ተደብቀው የቀሩትም ከተገደሉ በኋላ፣ ለተበተኑት ካቶሊኮች እረኛ ሆኖ የቀረው እርሱ ነበር። እርዳታ እንዲላክላቸው ወደ ውጭ ደብዳቤ ጻፈ። በ1650ዎቹ መጀመሪያ ላይ ተይዞ ተሰቀለ። ከዚያ በኋላ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1668 በጎንደር በተደረገው ጉባኤ፣ የቀሩት «አፍርንጅ» የሀገሩን ሃይማኖት ተቀብለው እንዲቀሩ፣ አለዚያ እንዲወጡ ተወሰነ። እምቢ ያሉት ወደ ስናር ሄዱ። የቀሩት ከሕዝቡ ጋር ተዋሐዱ።

ዛሬ በኢትዮጵያ ያሉት ካቶሊኮች ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ከረጅም ጊዜ በኋላ፣ በ1839 አድዋ ከገቡት ከአቡነ ያዕቆብ፣ ማለትም ከቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስና በ1855 በእስር ላይ ካለፉት ከአባ ገብረ ሚካኤል ነው። ዘመኑ ሌላ ነው፤ ቤተሰቦቹም ሌሎች ናቸው።

ስም እንዴት ይጠፋል?

ሰዎቹ ሁሉ አልተገደሉም፤ ሁሉም አልተሰደዱም። ደማቸው ዛሬም በትግራይ፣ በጎንደርና በጎጃም ሰው ውስጥ ይኖራል። የጠፋው ስማቸው ነው። ስሙን ያጠፋው ደግሞ ዐዋጅ ብቻ አይደለም፤ የስም አወጣጣችን ሥርዓትም ጭምር ነው።

ምሳሌ ልስጥ። አንቶንዮ የሚባል ወታደር ነበር እንበል። ልጁን ገብረ ማርያም አለው። ልጁ ገብረ ማርያም አንቶንዮ ይባላል። ገብረ ማርያም ወልደ ሚካኤልን ይወልዳል፤ እርሱም ወልደ ሚካኤል ገብረ ማርያም ነው። በሦስተኛው ትውልድ አንቶንዮ የለም! ማንም ሳያባርረው ከስሙ ወጥቷል። በእኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም ስለሌለ ዘርን የሚያቆየው የሽማግሌ አፍ ነው። ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ ካለ ዘሩ ይታወቃል። ሽማግሌው ሲሞት ይቀበራል።

የሚገርመው ነገር፣ ሕዝባችን ፖርቱጋሎችን አልረሳም። ጥቁር ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ ያለውን የአላታ ድልድይ «የፖርቱጋል ድልድይ» እንለዋለን። የጎንደርን ግንብ ሳይቀር ፖርቱጋሎች ሠሩት የሚል አይጠፋም፤ አፄ ፋሲለደስ ያሠሩት ኢየሱሳውያኑን ካስወጡ በኋላ ቢሆንም። ድንጋዩ ስም አገኘ፤ ልጆቹ ግን ስም አጡ።

በዚያው ዘመን በሌላ አህጉር

በዚሁ በ1632፣ የእንግሊዝ ንጉሥ በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚባለውን አገር ካልቨርት ለሚባል የካቶሊክ መኳንንት ቤተሰብ በቻርተር ሰጠ። በመጋቢት 1634፣ ኢየሱሳውያን ከኢትዮጵያ በወጡበት ዓመት፣ «አርክ» እና «ዶቭ» የተባሉ ሁለት መርከቦች የመጀመሪያዎቹን ሰፋሪዎች እዚያ አደረሱ። ከሰፋሪዎቹ ካቶሊኮቹ ጥቂቶች ነበሩ። እነርሱም ቢሆን አልተመቻቸውም። በ1649 በክርስቲያኖች መካከል መቻቻልን የሚያዝ ሕግ ወጣላቸው፤ በ1689 ግን የካልቨርት አስተዳደር ተገለበጠ። በ1704 ካቶሊኮች በአደባባይ እንዳያስቀድሱና ትምህርት ቤት እንዳይከፍቱ ተከለከሉ። ቅዳሴው ወደ ቤት ገባ። አቅም ያላቸው ልጆቻቸውን ባሕር አሻግረው በፍላንደርስ በሴንት ኦመር እያስተማሩ ጸኑ።

አንድ ቤተሰብ ልጥቀስ። በ1688 ቻርልስ ካሮል የሚባል ሰው ከአየርላንድ ወገን ሜሪላንድ ገባ። እስከ ዛሬ «ሰፋሪው ቻርልስ ካሮል» ይባላል። የልጅ ልጁም ቻርልስ ካሮል ነው፤ በ1776 የአሜሪካንን የነጻነት መግለጫ ከፈረሙት መካከል ብቸኛው ካቶሊክ። አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ስም ይታወቃሉ። የመሬት ውል አለ፣ ኑዛዜ አለ፣ የጥምቀት መዝገብ አለ፣ ደብዳቤ አለ። የፍሬሞናዎቹ ቤተሰቦች ያጡት ይህንን ነው።

እዚህ ላይ ግን ሙሉውን ልናገር። የሜሪላንድ ካቶሊኮች፣ ካሮሎችም ኢየሱሳውያኑም፣ አፍሪካውያንን በባርነት ይገዙ ነበር። በ1838 የሜሪላንድ ኢየሱሳውያን 272 ሰዎችን ለሉዊዚያና ባለ እርሻዎች ሸጡ፤ ከገንዘቡም የተወሰነው ጆርጅታውን የተባለውን ኮሌጅ ከዕዳ አዳነ። እናት ከልጅ ተለያየች። ነገር ግን የተሸጡት ሰዎች ስም በዝርዝር ተጽፎ ነበር፤ በጥምቀት መዝገብም ነበር። ከ2015 ወዲህ በሺህ የሚቆጠሩ ዘሮቻቸው በዚያ ዝርዝር ቅድመ አያቶቻቸውን አግኝተዋል፤ እርስ በርሳቸውም ዘመድ መሆናቸውን ዐውቀዋል። ስሙን የጻፈው ሰው የጻፈው ለሽያጭ ነበር፤ ያም ሆኖ ጽሑፉ ከ170 ዓመት በኋላ ቤተሰብ አገናኘ። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው።

ወደ እኛ ቤት

አሁን ወደ ኢምባካሲ ልመለስ። የእኛ ችግር ከፖርቱጋሎቹ ጋር ሲነጻጸር በከፊል ተመሳሳይ ነው፣ በከፊል ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ፖርቱጋሎቹ የቤተሰብ ስም ይዘው የቤተሰብ ስም ወደሌለበት ሀገር ገቡ፤ ስማቸው ሟሟ። እኛ የቤተሰብ ስም ሳይኖረን የቤተሰብ ስም ወደሚጠየቅበት ዓለም ወጣን። ናይሮቢ ያለው ወንድም ልጁን ትምህርት ቤት ሲያስመዘግብ የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም ያደርጋል። ቶሮንቶ ያለው ወንድሙ የራሱን የአባቱን ስም ያስመዘግባል ወይም የገዛ ስሙን። ልጆቹ የአንድ አያት የልጅ ልጆች ናቸው፤ በወረቀት ላይ ግን ባዕድ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ቆይተው በአንድ ቢሮ ቢገናኙ አይተዋወቁም።

ቀደም ሲል ስለ እናቶች ልመለስበት ብዬ ነበር። በማኅበራችን ውስጥ ኬንያዊት ያገባ አለ፤ ኬንያዊ ያገባችም አለች። ልጆቻቸው ኪስዋሂሊ አፋቸውን ፈትተው፣ ኪኩዩ ወይም ካምባ አያት አላቸው። አንዳንዶቻችን እነዚህን ልጆች «ግማሽ» እያልን ስንጠራ እሰማለሁ። ይህ ቃል ከመካከላችን ይውጣ። የፍሬሞና ልጆች ግማሽ አልነበሩም፤ በአፄ ዘድንግል ፊት የቆሙት ሁለቱ ልጆች ማኅበረሰባቸውን በሙሉ ወክለው ነበር። የእነዚህ ልጆች እናት ስም ከእነ አያቷ ስም በመዝገባችን ይጻፍ። የፖርቱጋሎቹን ጸሐፊዎች ስሕተት አንድገም።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የቤተሰብ መዝገብ ይከፈት። እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ገጽ ይኑረው። ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው የሚችሉትን ያህል ቤት ወደ ላይ ይቁጠሩ፤ ሰባት ባይሞላ አራትም ይበቃል። የትውልድ መንደር፣ ደብሩ ወይም መስጊዱ፣ ኬንያ የተገባበት ዓመትና መንገድ፣ ልጆቹ በየሀገሩ በወረቀት የተመዘገቡበት ስም ይጻፍ። በአማርኛም በእንግሊዝኛ ፊደልም ይሁን፤ የሚያነበው የልጅ ልጅ የትኛውን ፊደል እንደሚያውቅ ዛሬ አናውቅምና።

ሁለተኛ፣ እዚህ የቀበርናቸው ወገኖቻችን ስም ከእድራችን ደብተር ተለቅሞ ይሰባሰብ። በላንጋታ መካነ መቃብር ያረፉት የማን ልጅ እንደሆኑና በየትኛው ቀን እንዳረፉ ይጻፍ። ሀገር ቤት ያለች እናት አንድ ቀን ሰው ልካ ብትጠይቅ መልስ ይኑረን።

ሦስተኛ፣ የቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት አይዘጋ። የተማሪው ቁጥር ቀንሷል፣ የክፍሉ ኪራይ ጨምሯል፣ ገንዘቡ ለሌላ ይዋል የሚል ሐሳብ በኮሚቴው ውስጥ እንዳለ ሁላችንም ሰምተናል። የገንዘቡን ችግር አልክድም፤ የሐሳቡ አቅራቢዎችም ለማኅበሩ ተቆርቁረው ነው። ነገር ግን ኮሚቴው ከመወሰኑ በፊት ፍሬሞናን ያስብ። ፍሬሞና ብዙ ተማሪ አልነበረውም። የተማሪው ማነስ አልነበረም ያጠፋው፤ መዘጋቱ ነው። ኪራዩ ከከበደ በየቤታችን ተራ ገብተን እናስተምር። የሜሪላንድ ሰዎች ቅዳሴያቸውን ቤታቸው ካስገቡ እኛ ሀሁን ቤታችን ማስገባት አያቅተንም። የመጀመሪያውን ወር በእኔ ቤት ለማድረግ እኔና ባለቤቴ ፈቃደኞች ነን።

የመጨረሻ ቃሌ ስለ ጉርብትና ነው። ፖርቱጋሎቹ ከሕዝቡ ጋር እንደ ጎረቤት በኖሩበት ዘመን ሰማንያ ዓመት ቆሙ፤ የባለቤቶቹን ጉዳይ በጉልበት ሊወስኑ የተነሡ ሲመጡባቸው ግን በአሥር ዓመት ፈረሱ። ኬንያ በሯን ከፍታ ተቀብላናለች። ልጆቻችን እዚህ ተምረዋል፣ እዚህ ሠርተዋል፣ አንዳንዶቹም ዜጎች ሆነዋል። በምርጫ ሰሞንም ሆነ በሌላ ጊዜ፣ በጎረቤቶቻችን መካከል ጠብ ሲነሣ አንዱን ወገን ይዘን ሌላውን አናስቀይም። ሐዘናቸው ላይ እንገኝ፣ ሠርጋቸው ላይ እንገኝ። የእኛንም እናሳያቸው።

ልጆቻችን ነገ ኬንያውያን ቢሆኑ አልሰጋም። ኢትዮጵያም የፖርቱጋሎቹን ልጆች የራሷ አድርጋቸዋለች፤ ያ ክፉ አይደለም። የምሰጋው ከየት እንደመጡ ሲጠየቁ የሚናገሩት አጥተው አንገታቸውን እንዳይደፉ ነው። ለዚህ ደግሞ መድኃኒቱ ውድ አይደለም፤ አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶና አጠገባችን ያሉ ሽማግሎች ናቸው። ሽማግሎቹ ዛሬ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እድሜ ይስጥልን፤ መዝገቡንም ከእነርሱ እንጀምር። ሠንጠረዡን ጸሐፊያችን በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አዘጋጅተውታል፤ ከመውጣታችሁ በፊት እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ውሰዱ።

ለ50ኛው ዓመት በዓላችን ልጆቻችንና የልጅ ልጆቻችን በሰላም ያድርሱልን።